ጓንት የማይወዱ ልጆች

የላቦራቶሪው ሰዎች ስሟን ትተው «ሚዛን» ነው የሚሏት። ካልመዘነች አታምንም። ሻይዋ ውስጥ የሚገባውን ስኳር እንኳ የማንኪያውን አፍ በጣቷ ጠረግ አድርጋ፣ ልኩን አስተካክላ ነው የምትጨምረው። ልብስ ሰፊው ባሏ በዚህ መቀለድ ይወዳል። «እኔንም ሳታገባኝ በፊት ሦስት ጊዜ ሚዛን ላይ አውጥታኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀልዬ ተገኘሁ» ይላል። እሷም አብራ ትስቃለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ተሸክማው አንዴም ሚዛን ላይ ያላወጣችው ነገር እንዳለ ግን እሱ አያውቅም።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። አንድ ረጅም የድሮ ቴርሞሜትር ከእጇ አመለጠና ላቦራቶሪው ወለል ላይ ተሰበረ። ሜርኩሪው እንደ ብር ዶቃ እየተንከባለለ ጠረጴዛ ሥር፣ ቁም ሣጥን ሥር ገባ። ደንቡ መስኮት ክፈቺ፣ ሰው አስወጪ፣ አለቃ ጥሪ ይላል። እሷ ግን የዚያኑ ሰሞን ሁለት ብልቃጥ ሰብራ ስለነበር አፈረች። ሰው ሳይመጣ፣ መስኮቱ እንደተዘጋ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ተንበርክካ በወረቀትና በባዶ እጇ ለቃቀመችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ፣ እሷ ናት እንግዲህ። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ተወለደ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን የለመዳቸውን አራት ቃላት አንድ በአንድ ጣላቸው፤ ሲጠሩት መዞር ተወ፤ የአባቱን የክር ጥቅሎች በየቀለማቸው ሲደረድር መዋል ጀመረ። አባቱ «ጌታው» የሚል ስም ያወጣለት ያኔ ነው፤ ጌታ ሲሠራ አይናገሩትም ብሎ። ሐኪሞቹ «ኦቲዝም ነው» አሉ። «ከምን መጣበት?» ስትላቸው «አይታወቅም» አሏት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እሷ ከወለሉ ላይ የለቀመችውን ታውቃለች።

ስለዚህ ዶክተሩ በልጆች ሰውነት ውስጥ ያለ ሜርኩሪና ኦቲዝም ይገናኙ እንደሆነ አጠናለሁ ብሎ ሲነሣ፣ ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች። ዶክተሩ ሲጨነቅ ራሰ በራውን የሚያሻሽ፣ ሲደሰትም የሚያሻሽ ሰው ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈልገው ፈልገው እንዳጡት ያውቃል። «እነሱ ያላዩትን እኔ አያለሁ» ይል ነበር። ሰው መቼም ምኞት አይከለከልም።

ሥራው እንዲህ ነው። ስድሳ ትንንሽ ፖስታዎች መጡ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ከአንድ ልጅ ማጅራት ላይ የተቆረጠች የፀጉር ዘለላ አለች። ሠላሳዎቹ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሚውሉበት ማዕከል፣ ሠላሳዎቹ ደግሞ ከማዕከሉ አጥር ወዲያ ካለው ትምህርት ቤት ናቸው። ለሁለቱም ወገን የቆረጠችው አንዲት የማዕከሉ ነርስ ናት። ፖስታው ላይ ከቁጥር በቀር ምንም የለም። የትኛው ቁጥር የየትኛው ልጅ እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር ዶክተሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። መዛኝ ማንን እንደምትመዝን ካወቀች እጇ ያዳላል፤ በተለይ የራሷ ልጅ ከሠላሳዎቹ አንዱ ከሆነ።

ሚዛን ፀጉሩን አጠበች፣ አደረቀች፣ መዘነች፣ ጥፍር በምታህል የብረት ሳህን ላይ አድርጋ ማሽኑ ውስጥ አስገባች። ማሽኑ ፀጉሩን አቃጥሎ፣ ከጭሱ ውስጥ ሜርኩሪውን ለይቶ በቁጥር ይነግራታል። በዚያ ከተማ የማንም ልጅ ፀጉር ከአንድ በታች ነው የሚሰጠው፤ የመጀመሪያዎቹም እንደዚያው ሰጡ። አምስተኛው ግን ስምንት አለ። ማሽኑ አብዷል ብላ ባዶ ሳህን አስገባች፤ ዜሮ አለ። ሰባተኛው አሥራ አንድ አለ። እንደገና አጠበች፣ እንደገና አስገባች፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልወረደም። ሜርኩሪ ፀጉር ላይ አንዴ ከያዘ ሙጭጭ ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ከስድሳው ሃያ ስድስቱ እንዲያ ሰማይ የነኩ ሆኑ። ሠላሳ አራቱ ሰላማዊ ናቸው። መሀል ላይ የሚባል የለም። ይህ ነገር ደስ አላላትም፤ ሰው ሁሉ መሀል ላይ ነው የሚኖረው።

ዶክተሩ መሳቢያውን ከፈተ። ዝርዝሩን ከወረቀቷ ጋር አስተያየና ከወንበሩ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ።

«ሃያ ስድስቱም የማዕከሉ ልጆች ናቸው» አለ። «ሁሉም! ከትምህርት ቤቱ አንድ እንኳ የለም። ከማዕከሉ ዝቅ ያሉት አራት ብቻ ናቸው። ይገባሻል ምን ማለት እንደሆነ?»

«ዶክተር፣ የኔ ልጅ ስንት ነው?»

መንገር አልነበረበትም። ደስታ ግን አፍ ያስከፍታል። «አርባ አንድ ቁጥር» አላት።

የአርባ አንድ ቁጥር ውጤት ዘጠኝ ነጥብ አራት ነበር። መጀመሪያ ፍርሃት መጣባት። ከፍርሃቱ ኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ቀስ ብሎ ገባ፤ ለማንም የማትናገረው እፎይታ። በቃ፣ ታወቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ከምን መጣበት?» ስትል ለኖረች ሰው፣ «ካንቺ» የሚል መልስም መልስ ነው።

ደረጃውን ስትወርድ ግን ነገሩ ዞረባት። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ነው። የተቆረጠው ዘለላ ሦስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ የሚናገረው ያለፈውን ሦስት ወር ብቻ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የተለቀመ ሜርኩሪ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል? ይህን ለተማሪዎች የምታስተምረው እሷው ናት። ታዲያ ዘጠኙ ከየት መጣ? ከቤት? ከውኃ? ከክሩ ቀለም? ወይስ ያኔ በልብሷ ይዛ ቤት ያስገባችው ሜርኩሪ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ እስከ ዛሬ ይተናል? የምታውቀው አንድ ነገር ይላል፣ የምትፈራው ሌላ ይላል፣ ማሽኑ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይላል። ውሉ እንደጠፋበት ክር፣ በየት በኩል ብትስበው ይጠብቃል።

ቤታቸው የፊት ክፍሉ የባሏ የስፌት ቤት ነው። ጌታው እንደወትሮው የስፌት መኪናው ሥር ተቀምጦ ጥቅሎቹን ከጥቁር እስከ ነጭ ደርድሯል። መኪናው ሲሄድ ያንጎራጉራል፣ ሲቆም ያቆማል። ሚዛን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወለሉን ስታይ፣ ክሩን ስታሸት፣ መስኮት ስትከፍት ቆየች።

«ምን ጠፋብሽ?» አለ ባሏ።

«ምንም። እስኪ መቀሱን አቀብለኝ።»

«ያቺ ነርስ በቀደም ቆርጣው የለ እንዴ? ልጄን መላጣ ልታደርጉት ነው?»

«ለመድገም ነው።»

ሌላ ምንም አላለችም። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ መቀሱን አጥባ፣ ልጁ ነጩን ጥቅል ለመያዝ ጎንበስ ሲል ከማጅራቱ ትንሽ ቆረጠች። ጌታው ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰበሰበ፤ ከዚያ ረሳት።

በማግስቱ ፀጉሩ ዜሮ ነጥብ አራት ሰጠ። ደገመችው፤ ያው ነው። ሠለሰችው፤ ያው። አንድ ልጅ፣ አንድ ራስ፣ አንድ ሰሞን፤ በነርሷ እጅ ሲቆረጥ ዘጠኝ፣ በእናቱ እጅ ሲቆረጥ ከግማሽ በታች። የትኛው ነው ልጇ?

ለዶክተሩ ስትነግረው ራሱን አሻሸ። ይህኛው ማሻሸት የደስታ አልነበረም።

«በስፌት ቤት መቀስ የተቆረጠ ፀጉር አምጥተሽ ጥናቴን ልታፈርሺው ነው?»

«ኧረ እኔ ላፍርስ አላልኩም። ግራ ገብቶኝ ነው።»

«ግራ የገባው ሰው ያርፋል። እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ጽሑፉን አስገባለሁ።»

እውነቱን ለመናገር እሷም ለማረፍ ዳድቷት ነበር። ዘጠኙን ብትቀበል ነገር ያልቅላት ነበር፤ ጥፋተኛ ትሆናለች፣ ግን ግራ መጋባት ይቀርላታል። ችግሩ ወሬው ቀድሟታል። ዶክተሩ ለማዕከሉ ኃላፊ ሹክ ብሎ፣ ኃላፊው ለአንዲት እናት ሹክ ብሎ፣ እናቶቹ ሁሉ ሰምተዋል። አንዷ የልጇን በሜርኩሪ ቅይጥ የተሞላ ጥርስ ላስነቅል አለች። ሌላዋ «ሜርኩሪ ከደም ያጥባል» የሚባል መርፌ የሚወጋ ሰው አግኝታለች ተባለ። ሚዛን ይህን ሰማች። እንዲህ ያለ መርፌ ጤነኛ ልጅ እንደሚገድል ታውቃለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ በነጋታው ማዕከሉ ሄደች።

ነርሷን ሁሉም «ቀዮ» ይላታል። ቅጽል ስሙ የአንድ ዓመት ዕድሜ ነው ያለው፤ ከዚያ በፊት የለየላት ጠይም ነበረች። «ደመወዝ ሳይጨመርልሽ መልክ ተጨመረልሽ» ብለው ሲተርቧት ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። በዚያ ማዕከል ውስጥ ለሰው እጅ የማይሰጡ ልጆች ለእሷ ይሰጣሉ። ዶክተሩ ተጨማሪ አሥር ልጆች ስላዘዘ ፀጉር እየቆረጠች ነበር። ሚዛን ጥግ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ቀዮ ደንቡ እንደሚለው አዲስ ጓንት አወጣች። ላስቲኩ እጇ ላይ ሲንጫጫና ጧ ሲል፣ የስድስት ዓመቷ ልጅ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች።

«ሄደ፣ ሄደ፣ ይኸው የለም!» አለች ቀዮ። ጓንቱን አውልቃ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ በባዶ እጇ የልጅቷን ማጅራት ታሻሽ ጀመር፤ ቀስ ብላ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ አምስት ደቂቃ ያህል። ልጅቷ ዐይኗን ከደነች። ያኔ መቀሱ አንዴ ቀጭ አለ፤ ልጅቷም አልሰማችውም።

ሚዛን ከወንበሯ ተነሥታ ነበር። መቼ እንደተነሣች አላወቀችም። «ለሁሉም እንዲህ ነው የምታደርጊላቸው?»

«ምን ላድርግ እቴ? ጓንት ይፈራሉ። ድምፁም ሽታውም ያስጠላቸዋል። ደንቡን የጻፈው ሰው እነዚህን ልጆች አያውቃቸውም።» ቀዮ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለዶክተሩ እንዳትነግሪብኝ። ደግሞ ሁሉም አይደሉም፤ አራቱ ጓንት ነፍስ ነው የሚሏት። ነፍተው ፊኛ ያደርጓታል።»

«አራት?»

«አራት።»

«ትምህርት ቤትስ ስትቆርጪ?»

«እዚያማ በጓንት ነው። እነዚያ ምን ያስፈራቸዋል፣ እኔን ነው የሚያስፈራሩኝ!»

ሚዛን የቀዮን እጅ ያዘች። የእጇ ጀርባና ጣቶቿ ቀልተዋል፤ አንጓዎቹ ግን ጠቁረው ቀርተዋል። ጣቶቹ በሚዛን መዳፍ ውስጥ ሆነው ይንቀጠቀጣሉ፤ ደከም ያለ፣ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ።

«የምትቀቢው ምንድን ነው?»

ቀዮ ትንሽ አፈረች። ከቦርሳዋ ስሙ የተፋቀ ነጭ ብልቃጥ አወጣች። ጠዋት ፊቷን፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ እጇ እንዳይደርቅ ትቀባዋለች። ፊት ያቀላል።

ሚዛን ከዚያ ክሬም የመርፌ ራስ የምታህል ወስዳ ማሽኑ ውስጥ አስገባች። ማሽኑ መቁጠር የሚችለውን ሁሉ ቆጥሮ አለፈና ጮኸ። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሳህን እንኳ ብታስገባለት ቁጥር ይሰጣት ነበር፤ ጠግቦ እንደሚያገሳ ሰው። ለማጽዳት ሁለት ቀን ፈጀባት። እሷ ግን ማሽኑን ሳታጸዳ ነው ወደ ቀዮ የተመለሰችው። ፊቷን የሚያቀላው በክሬሙ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ መሆኑን ከዶክተሩ በፊት ለእሷ መንገር ነበረባት።

ቀዮ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ሁለት እጇን ከቀሚሷ አርቃ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ወደ ፊት ዘርግታ ያዘቻቸው።

«ልጆቹን መርዤአቸዋለሁ?»

«የለም። ፀጉራቸው ላይ ነው የቀረው፣ ውስጣቸው የገባ ነገር ቢኖር ትንሽ ነው። የተመረዝሽው አንቺ ነሽ። ይህ መንቀጥቀጥ ከእሱ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»

«እኔ እኮ…» አለች ቀዮ፤ እንባዋ ያኔ ነው የመጣው። «እኔ እኮ እጄ ሲንቀጠቀጥ ሰው አርጅታለች እንዳይለኝ ብዬ ነው ክሬሙን የጨመርኩት።»

ዶክተሩ ነገሩን ሲሰማ ዝርዝሩን ከመሳቢያው አወጣ። «ዝቅ ያሉት አራቱስ?» አለ።

«በጓንት የተቆረጡት ናቸው።»

«ልጆቹን ስለምትወድ ነው ማለት ነው ጥናቴ ገደል የገባው» አለ። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ወረቀቱን ግን አላስገባም። በራሱ እጅ ለእናቶቹ «ተሳስቼ ነበር፤ ለማንም ልጅ መርፌ እንዳታስወጉ» ብሎ ጻፈ፤ ይህ ይቆጠርለት። ሰባዎቹም ፀጉር እንደ አዲስ ተቆረጠ። ቀዮ ሕክምና ላይ ስለነበረች የቆረጠችው ሚዛን ናት፤ እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ለሁሉም በባዶ እጇ። አዲሱ ቁጥር ሁሉ ከአንድ በታች ሆኖ የማዕከሉና የትምህርት ቤቱ ተደባለቀ፤ ዝርዝሩ ባይኖር ማንም ሊለያቸው አይችልም ነበር። ማዕከሉ ውስጥ ከሁሉ የከበዳት ግን እንዲህ ብለው የሚጠይቁ እናቶች ነበሩ፦ «ሜርኩሪ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?»

ሥራው ያለቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገብታ ከባሏ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እሱ ሱሪ እያሳጠረ ነበር።

«እህ፣ ምን ተገኘ?»

«ምንም።»

እጁ መዘውሩ ላይ ቆመ። መኪናው ቀጥ አለ፤ ከጠረጴዛው ሥርም የጌታው ማንጎራጎር ቀጥ አለ። «ታዲያ ከምንድን ነው የመጣበት?»

«አይታወቅም።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የድሮዎቹ ሐኪሞች ድምፅ ሆኖ ተሰማት። ከዚያ ሳታስበው ሌላውም ተከትሎ ወጣ። ቴርሞሜትሩን፣ የተዘጋውን መስኮት፣ የተንበረከከችበትን ወለል፣ ሁሉን ነገረችው። «ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት» አለች።

ባሏ ሱሪውን ጭኑ ላይ አጠፈው፣ ፈታው፣ እንደገና አጠፈው።

«እኔ ደግሞ እኔ ነኝ ብዬ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ወድቆብኛል። አራት ወሩ ነበር፤ አንቺ ሥራ ነበርሽ። ጨርቅ ላነሣ ዞር ስል… አለቀሰ፣ ዝም አለ፣ ምንም አልሆነም ብዬ አልነገርኩሽም። ኋላ ቃሎቹን ሲጥላቸው ግን…» አልጨረሰውም።

«አንተ ጅል!» አለች ሚዛን። ጮኸችበት። «ኦቲዝም በመውደቅ አይመጣም! ሰው ሁሉ ወድቆ ነው ያደገው! እንዴት ስምንት ዓመት ይህን ተሸክመህ ትኖራለህ?»

«የተሰበረ ቴርሞሜትርስ ያመጣዋል?»

አፏን ከፈተች። ለእሱ ለመፍረድ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም ነበር። ለራሷ ግን መፍረድ አልቻለችም። «አልተገኘም» አለች። «እኛ ያየነው አሁን ያለውን ነው። የዚያን ጊዜውን… ማን መዘነው?»

«አያመጣም በይኛ። ለኔ እንዳልሽው።»

«አንተ በለኝ።»

«አያመጣም» አላት። እንደሚያውቅ ሰው ሳይሆን እንደ ባል አላት። ማመኗን አለማመኗን ልትለይ አልቻለችም። እሱም የእሷን አምኖ እንደሆነ ከፊቱ ማንበብ አቃታት። እሱ ፊቱን በሱሪው ሸፈነ።

የመኪናው ዝምታ ለጌታው በዛበት። ከሥር ወጥቶ የአባቱን እጅ ሳበ፣ መዘውሩ ላይ አኖረው፤ የአባቱ እጅ ግን ተመልሶ ወደቀ። ልጁ ቆም ብሎ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። ፊቷን ሳያይ ቀኝ እጇን፣ ያን ከወለሉ ላይ የለቀመችበትን እጅ፣ አንጓው ላይ ይዞ ጎተተና መዘውሩ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት።

መስፋት አትችልም። ጨርቅ የሌለበትን መኪና ዝም ብላ አዞረችው፤ ልጁም ወደ ክሮቹ ተመልሶ ካቆመበት ማንጎራጎሩን ቀጠለ።